ከአሰላ ቁልቁል፦ መኪናን በቤት ስለ መንከባከብና ለዚሁ ስለሚያስፈልጉ መሣሪያዎች



የዛሬው ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ማግስት አንድ ወጣት ባልደረባዬ «ዶክተር፣ ጋራዥ ሊከፍቱ ነው እንዴ?» ብሎ ቀለደብኝ። አብሬው ሥቄአለሁ። ይሁን እንጂ ሕዝባዊ ንግግር ማለት ስለ ታሪክ፣ ስለ ሥነ ጽሑፍ ወይም ስለ ፖሊሲ ብቻ የሚደረግ ነው የሚለው ልማዳችን ራሱ ሊመረመር የሚገባው ይመስለኛል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጥነው ብዙዎቻችን በዚሁ ወር ውስጥ የአዳማን መንገድ እንወርዳለን፤ በራሳችን መኪና ባይሆን በሚኒባስ። ያ መንገድ ስለ ሙቀት፣ ስለ ግፊትና ስለ ሰበቃ በክፍል ውስጥ የምናስተምረውን ሁሉ በተግባር የሚፈትን ነው።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት ስለ እጅ ሥራ ጥቂት ልበል። አገራችን ባለ ሙያን ስትንቅ የኖረች አገር ናት። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ቆዳ የሚያለፋው፣ ሸክላ የምትሠራው ሁሉ በየስሙ ሲሰደብ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ ይህን አይተው በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከለከሉ። በዚያው በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ ሲድሌይ የተባለች አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ገባ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተሳፈሩባት። አዋጁና አውቶሞቢሉ የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው ማለት ነው። አውቶሞቢሉን ወዲያው ተቀበልነው፤ አዋጁ ግን ገና የገባን አይመስለኝም። በሜካኒካል ምሕንድስና ተመርቆ ካንዴላ በእጁ ፈትቶ የማያውቅ ወጣት ጥቂት እንዳልሆነ እዚህ ያለን መምህራን እናውቃለን። ጥፋቱ የወጣቱ ብቻ አይደለም። ዘይት የነካው እጅ ከዲግሪ ጋር አይሄድም የሚል ያልተጻፈ ሕግ በቤታችንም በትምህርት ቤታችንም አለ።

የጋራዡ ቋንቋም የራሱን ታሪክ ይነግረናል። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ማርቴሎ፣ ሞርሳ፣ ሊማ፣ ክሪክ፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፦ እነዚህ ሁሉ የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባርሮ ሲወጣ ቃላቱ ከመሣሪያዎቹ ጋር ቀሩ። የእኛ መካኒኮች አባቶች ፊያት 682 ኤን ትሬን በእነዚሁ ቃላት እየፈቱ እየገጠሙ ነው ሙያውን ያዳበሩት። ዛሬ በአሰላ ጋራዦች ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር በኦሮምኛ ይጀመራል፣ መካከሉ ላይ ጣሊያንኛ ይገባበታል፣ በአማርኛ ያልቃል። የቋንቋ ጥናት ተማሪዎች መቅረጸ ድምፅ ይዛችሁ ብትሄዱ ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣችኋል።

አሁን ለምን ይህን ርእስ መረጥሁ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪናዎችን በሚያስገቡ ላይ እጅግ ከባድ ግብር ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት መወሰኑ ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የብር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደቀ፤ የመለዋወጫም ዋጋ አብሮ ናረ። የውሳኔዎቹን ትክክለኛነት መመዘን የዛሬ ሥራዬ አይደለም። ውጤታቸው ግን በዓይናችን የምናየው ነው፤ በደጃችን የቆመችው ቪትዝ ወይም ኮሮላ የምትቀየር ዕቃ መሆኗ ቀርቶ እንደ ቤት የምትጠበቅ ንብረት ሆናለች። በአንድ መምህር ደመወዝ ቴስታታ ማሠራት ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልገኝም። ቴስታታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጣመመው በትንሽ ነገር ነው፤ አሁን ወደ እርሱ እመጣለሁ።

አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,430 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል፣ በቁጥር 0.76 ባር አካባቢ ነው። ስለዚህ ድስት ላይ የተጣደ ውኃ እዚህ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይፈላል። ሽሮ ከአዳማ ይልቅ አሰላ ላይ ዘግይቶ እንደሚበስል እናቶቻችን ፊዚክስ ሳይማሩ ያውቁታል። አሁን ይህን ወደ መኪናው እንውሰደው። የብዙ ሞተሮች ቴርሞስታት ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይከፈታል፤ ሞተሩ በደህና ሲሠራ ውኃው 90 ዲግሪ አካባቢ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆያል። እንግዲህ የማቀዝቀዣው ውኃ እንደ ድስት ውኃ ክፍት ቢሆን ኖሮ አሰላ ላይ ጤነኛ ሞተር ሁልጊዜ ሊፈላ ጫፍ ላይ በቆመ ነበር። ይህን የሚከለክለው ምንድን ነው? የራዲያተር ክዳን ነው።

ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። በክዳኑ ውስጥ ያለው ሞላ ውኃውን ከውጭው አየር በላይ በዚያ መጠን ግፊት አፍኖ ይይዘዋል ማለት ነው። 0.9 የሚለውን ብንወስድ፣ በአሰላ አየር ላይ ሲደመር ከ1.6 ባር ትንሽ በላይ ይሆናል፤ በዚህ ግፊት ንጹሕ ውኃ የሚፈላው 114 ዲግሪ ላይ ነው። ከ92 እስከ 114 ያለው የ22 ዲግሪ ልዩነት፣ ሞተራችሁንና የቴስታታውን ወጪ የሚለያያችሁ አጥር፣ በዚያች ትንሽ ክዳን ጎማ ላይ ተንጠልጥሏል። የክዳኑ ጎማ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ፣ ሞላው ሲዝል፣ ወይም ባለ ንብረቱ ክዳኑ ጠፍቶበት ሌላ የማይመጥን ሲገጥም አጥሩ ይፈርሳል። ያ መኪና አዳማ ላይ ሲነዳ ችግሩ አይታወቅ ይሆናል። ከዴራ ወደ ኢተያ ሽቅብ ሲል ግን ሞተሩ ይበልጥ ሙቀት እያመነጨ፣ የውጭው ግፊት ደግሞ እየቀነሰ ስለሚሄድ ሁለቱ በአንድ ላይ ይመጡበታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው የቤት ጥገና መሣሪያ የማይጠይቅ ነው። ሞተሩ ሌሊቱን በርዶ ባደረበት ጠዋት ክዳኑን ከፍታችሁ ጎማውን በጣት ዳስሱት፤ ከደረቀ ወይም ከተጎረደ ክዳኑን ቀይሩት። የማጠራቀሚያውን ፕላስቲክ ዕቃ መስመር ተመልከቱ። ሞተሩ ሲሞቅ ውኃው ወደዚያ ይወጣል፣ ሲበርድ ወደ ራዲያተሩ ይመለሳል፤ የማይመለስ ከሆነና የላይኛው የጎማ ቱቦ በብርድ ጊዜ ተጣብቆ ወደ ውስጥ ገብቶ ከታየ፣ ክዳኑ ውስጥ ያለችው ትንሿ ባልቦላ ተደፍናለች። ንጹሕ ውኃ ብቻ ከመጠቀም ኩላንት መቀላቀል ይሻላል፤ የመፍያውን ሙቀት ከፍ ከማድረጉ ይልቅ ለእኛ ዋናው ጥቅሙ ዝገትን መከላከሉ ነው። በበቆጂና ከዚያ በላይ ባሉ ቀዝቃዛ ቀበሌዎች ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት ውኃው እንዳይረጋም ይጠብቃል።

የሞቀ ራዲያተር ክዳን መክፈት ክልክል ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል፤ ምክንያቱ ግን ሲነገር አልሰማሁም። በ108 ዲግሪ በግፊት ታፍኖ የተቀመጠ ውኃ ክዳኑ በተከፈተ ቅጽበት የመፍያ ሙቀቱ ወደ 92 ይወርዳል። ያን ጊዜ ከእሳት ላይ ስለሚፈላ ውኃ አንናገርም፤ መላው ውኃ በአንድ ጊዜ በውስጡ ወደ እንፋሎት መለወጥ ይጀምርና ፊት ላይ ይፈነዳል። የሙቀት ዘንጉ ቀዩን ሲነካ ዳር ያዙ፤ ሞተሩን አጥፉ፤ ኮፈኑን ክፈቱ፤ ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ የሚሻለው አንድ ሰዓት ጠብቁ። በወፍራም ጨርቅ ይዛችሁ ክዳኑን እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ አዙራችሁ የቀረው ትንፋሽ እንዲወጣ አድርጉ። ቀዝቃዛ ውኃ በጋለ ሞተር ላይ በአንድ ጊዜ አታፍስሱ፤ ብረቱ ይሰነጠቃል። መንገደኛው ቢጣደፍ፣ ረዳቱ ቢጮህ፣ ውሳኔው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። ከአሰላ እስከ አዋሽ ድልድይ መንገዱ 800 ሜትር ያህል ይወርዳል። ሰዎችን ጨምሮ 1,500 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና ይህን ከፍታ ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት ወደ 12 ሜጋ ጁል ይጠጋል። ቁጥሩ ምንም ካልነገራችሁ እንዲህ ላስቀምጠው፤ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ከቀዝቃዛ ተነሥቶ እስኪፈላ የሚበቃ ሙቀት ነው። ይህ ጉልበት አይጠፋም። ከፊሉን አየሩና የጎማው ሰበቃ ይወስዱታል፤ የቀረውን ወይ ሞተሩ ወይ ፍሬኑ ይሸከመዋል። ሞተሩ ራዲያተር አለው። ፍሬኑ ያለው የሚነፍስበት አየር ብቻ ነው።

ብዙ ሾፌሮች ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ፍሪ አድርገው ይወርዳሉ፤ ከዚህ አልፈው ሞተር የሚያጠፉም አሉ። በካርቡራተር ዘመን ለዚህ ትንሽ ምክንያት ነበረው። በኢንጀክሽን የሚሠሩ መኪናዎች ግን በማርሽ ሆነው እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ ነዳጁን ፈጽሞ ይዘጋሉ፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ፍሪ የሆነው መኪና ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠሉን ይቀጥላል። ስለዚህ ፍሪ የሚወርደው ሾፌር ነዳጅም ያባክናል፣ ፍሬኑንም ብቻውን ያስቀረዋል። አሮጌው የከባድ መኪና ሾፌሮች ደንብ፣ ማለትም ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ የሚለው፣ ዛሬም ስሕተት የለበትም።

ከፍታው ፍሬንን በሌላ መንገድም ይነካዋል፤ ይህን የሚያውቁ ሰዎች ጥቂት ናቸው። የፍሬን ፔዳል ሲረገጥ እግራችንን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ነው። በአንድ ወገኑ የውጭ አየር፣ በሌላው ወገኑ ሞተሩ የሳበው ባዶነት አለ። የውጭው አየር አሰላ ላይ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ እገዛውም ቢያንስ በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ያው መኪና አሰላ ላይ ከአዋሽ የበለጠ እግር ይጠይቃል። ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚረገጥ እገዛ ብቻ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ሰርቮውን በቤት መፈተን ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ እስኪጠጥር ርገጡት፤ ረግጣችሁ እንደያዛችሁ ሞተሩን አስነሡ። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች ካልሰመጠ ሰርቮው ወይም ቱቦው ችግር አለበት፤ ያንን መኪና ወደ አዳማ አታውርዱት።

የፍሬን ዘይትንም በሚመለከት ቃሌ አጭር ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 140 ብቻ ነው። ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው። በረዥም ቁልቁለት የጋለ ፍሬን ያረጀውን ዘይት ያፈላዋል፤ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል እንጂ አይገፋም፤ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ። ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙ። የሞተር ዘይት ወይም የሳሙና ውኃ መጨመር እንደ መፍትሔ የሚነግራችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀበሉት፤ የማዕድን ዘይት በፍሬኑ ውስጥ ያሉትን ጎማዎች አሳብጦ ያበላሻቸዋል። በዕቃው ውስጥ ያለው ዘይት ዝቅ ማለቱን ስታዩም ሞልቶ ማለፍ አይበቃም። ወይ ሸራው አልቋል፣ ወይ የሆነ ቦታ ይፈስሳል።

ስለ ጎማ ብዙ አልልም። ከአዳማ በጠዋት የተነፋ ጎማ አሰላ ሲደርስ የውጭው አየር ስለሳሳ በመለኪያው ላይ አንድ ፒኤስአይ ያህል ጨምሮ ሊታይ ይችላል፤ አይተንፍስ። ልኩ የሚታየው ጎማው በርዶ ሳለ፣ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ መሠረት ነው። ጎሚስታው በዓይኑ ከለካው ደግሞ የራሳችሁን መለኪያ ይዛችሁ መገኘት ነውር አይደለም።

አሁን ሰው ወደሚሞትበት ጉዳይ እገባለሁ። ክሪክ ማንሻ ነው፤ መደገፊያ አይደለም። በክረምት፣ መሬቱ በራሰበት ሰሞን፣ በድንጋይና በክሪክ በተያዘ መኪና ሥር የገባ ጎረቤት ነበረኝ። የዚህ አገር መረሬ አፈር በደረቀ ጊዜ እንደ ሲሚንቶ ይሆናል፤ ሲርስ ግን የክሪኩን እግር ቀስ በቀስ ይውጠዋል። መኪናው የወደቀው በአንድ ጊዜ አልነበረም፤ ጥቂት ዘንበል አለ፣ ድንጋዩ ተንሸራተተ፣ ከዚያ ወረደ። ሰውየው ዛሬም በሕይወት አለ፤ እግሩ ግን ያው እግር አይደለም። ከእርሱ የባሰ የደረሰባቸውን ሰዎች ታሪክ በየጋራዡ ትሰማላችሁ። ስለዚህ ማንኛውንም ሌላ መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ጠንካራ የብረት መደገፊያዎች ግዙ ወይም ልኩን ከሚያውቅ በያጅ አሠሩ። ከክሪኩ ሥር ወፍራም ጣውላ ወይም ላሜራ አንጥፉ። በማይነሣው ጎማ ፊትና ኋላ ሽብልቅ አድርጉ፤ የእጅ ፍሬን ብቻውን አይበቃም። መኪናው መደገፊያው ላይ ካረፈ በኋላ በእጃችሁ ገፋ ገፋ አድርጉት፤ የሚወድቅ ከሆነ እናንተ ሳትገቡ ይውደቅ። የተፈታውንም ጎማ ከመኪናው ሥር አጋድሙት። ድንጋይ፣ ብሎኬትና ጉማጅ እንጨት ስለ መጠቀም ክርክር አልቀበልም። ብሎኬት ሲሰበር አስቀድሞ አይናገርም።

ወደ መሣሪያው ልመለስ። በአሰላ ብዙ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት አለ፤ ከእርሱ አንድ ጥግ ለሥራ ይበቃል። ጠንካራ ጠረጴዛ፣ በላዩ የታሰረ ሞርሳ፣ ጥሩ ብርሃን። አዲስ ሰው የሚሳሳተው በሻንጣ የታሸገ አርባ ምናምን ዕቃ ያለው ስብስብ ሲገዛ ነው። የዚያ ብረት ብዙ ጊዜ ለስላሳ ነው፤ ከሁለት ጠባብ ብሎን በኋላ የቁልፉ አፍ ይከፈታል፣ የብሎኑም ራስ ይከብባል። ገንዘቡን በጥቂቶች ላይ አውሉት። መኪናችሁ ጃፓናዊ ከሆነ፣ ለምሳሌ ቶዮታ፣ አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት 8፣ 10፣ 12፣ 14 እና 17 ቁጥር ቁልፎች ናቸው። 13 ቁጥር የምትፈልጉት ላዳ ወይም ሌላ የአውሮፓ መኪና ከያዛችሁ ነው፤ አንዱ የብሎን ውፍረት በጃፓን ደረጃ 12፣ በአውሮፓው ደረጃ 13 ራስ ስላለው ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በ13 ቁልፍ የ12ን ራስ ይልጠውና ብሎኑን ይረግማል። ከቁልፎቹ ጋር በጉንጩ የሚይዝ ቡሶላ፣ ሁለት ጠፍጣፋና ሁለት ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ማርቴሎ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ የብረት ብሩሽ፣ የጎማ ግፊት መለኪያና ርካሽ መልቲሜትር ጨምሩ። ለመጀመሪያው ዓመት ይኸው ይበቃል። አዲስ አበባ የምትደርሱ ካላችሁ ምናለሽ ተራ ውስጥ አሮጌ ጥሩ ብረት ከአዲስ መጥፎ ብረት በረከሰ ዋጋ ይገኛል፤ ሞርሳዬ ከዚያ የመጣ ነው።

አንድ ስሌት ብቻ ከእኔ ጋር አስሉ። የብዙ ትንንሽ ቶዮታዎች የጎማ ብሎን የሚጠብቀው በ103 ኒውተን ሜትር ነው። ልኩን የሚያሳየው ቁልፍ ውድ ነው፤ ነገር ግን ርዝመቱ 35 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁልፍ ጫፉ ላይ የ30 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ብትጫኑት የምታገኙት ልክ ያንኑ ነው። 30 ኪሎ ምን ያህል እንደሚጫን በወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ በእጃችሁ ገፍታችሁ አንድ ጊዜ ተለማመዱት። አሁን ደግሞ መንገድ ዳር የምናየውን እናስላ፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ረዳት በሁለት እግሩ ቁልፉ ላይ ይቆማል። 240 ኒውተን ሜትር ሆነ፤ ከእጥፍ በላይ። ቁልፉን በቱቦ አስረዝሞ ሲረግጠው ወደ 400 እና 500 ይሄዳል። በሚቀጥለው ጊዜ ብሎኑ አልፈታ ሲል ወይም ተቆርጦ ሲቀር ጥፋቱ የብሎኑ አይደለም።

ይህች ከተማ ለእንዲህ ያለው ሥራ ባዕድ አይደለችም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ ብዙዎች ካዱ የሚሉት፣ እዚህ አሰላ ውስጥ ማረሻና ጋሪ እያሻሻለ ይሞክር ነበር። ከዚያ የቀጠለው የግብርና ምሕንድስና ምርምር ዛሬም የእህል መውቂያ ይሠራል። እርግጥ በዚያው ዘመን ትራክተር የገዙ ባለ ርስቶች ጭሰኞቻቸውን ከመሬት አፈናቅለዋል፤ ማሽን ሁልጊዜ ለሁሉም እኩል አይመጣም። ያ ሌላ ንግግር የሚጠይቅ ነው።

ስለ ማሽን ካነሣን የመኸሩ ወቅት የራሱ ጣጣ አለው። በኅዳርና በታኅሣሥ ኮምባይነር ስንዴ በሚያጭድበት ጊዜ በመንገዱ ላይ የሚንሳፈፈው እብቅና አቧራ ሁለት ነገር ይዘጋል፤ የአየር ፊልትሮውንና የራዲያተሩን ክንፎች። አየሩ ቀድሞውኑ የሳሳ በመሆኑ የተርቦ እገዛ የሌለው ሞተር አሰላ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ በላይ ያጣል፤ የተዘጋ ፊልትሮ ሲጨመርበት ሽቅቡን አይችለውም። ፊልትሮውን ፈትታችሁ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀላል አየር ንፉት፤ ከተቀደደ ጣሉት። ራዲያተሩንም ከሞተሩ ወገን ወደ ፊት ንፉ፤ ከፊት ብትነፉ እብቁን ይበልጥ ትወትፉታላችሁ። ከጭስ ማውጫው ዙሪያ የተጠራቀመውን ገለባ አንሡ፤ እሳት የሚነሣው ከዚያ ነው።

ባትሪም ጥቂት ቃል ይበቃዋል። መልቲሜትሩ ሌሊቱን ባደረ ባትሪ ላይ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ነው፤ 12 ከሆነ ሊያልቅ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ካላሳየ ችግሩ ባትሪው ሳይሆን ዲናሞው ሊሆን ይችላልና ባትሪ ለመግዛት አትቸኩሉ። በበቆጂ ብርድ ግማሽ የሆነ ባትሪ ሞተር አያስነሣም። የሚጨመረው የተጣራ ውኃ ነው፤ የቧንቧም የታሸገ የማዕድን ውኃም አይደለም። ከሌላ መኪና ስታስነሡ የመጨረሻዋን ጥቁር ሽቦ ከባትሪው ራቅ አድርጋችሁ ሞተሩ ብረት ላይ ያዙ፤ ባትሪው የሚተነፍሰው ሃይድሮጅን በብልጭታ ይፈነዳል።

በቤት የማይነካውን ደግሞ በግልጽ ልናገር። የፍሬን ቱቦና ሲሊንደር፣ የመሪ መገጣጠሚያ፣ የታመቀ ሞላ፣ ኤርባግ፦ እነዚህን ለባለ ሙያው ተዉ። የዲ ፎር ዲና መሰል የናፍጣ ሞተሮች የነዳጅ መስመር ከ1,000 ባር በላይ ግፊት አለበት፤ የሚረጨው ናፍጣ ቆዳን በስቶ ይገባል፣ ቁስሉ ትንሽ መስሎ እጅ ያስቆርጣል። የነዳጅ ሰልባቶዮ ባዶ ነው ብላችሁ ለብየዳ አትስጡ፤ ከሞላው ይልቅ የሚፈነዳው በትነት የተሞላው ባዶው ነው። ወደ ጋራዥ ስትሄዱም እንደ ከሳሽ ሳይሆን እንደ አዋቂ ሂዱ። «ፍሬኑ ይጮኻል» ከማለት «ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ይሰምጣል፣ ዘይቱም በሁለት ሳምንት ይህን ያህል ቀንሷል» ብላችሁ ብትናገሩ መካኒኩ በሌላ ዓይን ያያችኋል። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ጠይቃችሁ ውሰዱ፤ ጥሩ ባለ ሙያ በዚህ አይቀየምም።

በመጨረሻ፣ ተማሪዎች ደጋግማችሁ ስለ ጠየቃችሁኝ የኤሌክትሪክ መኪና አንድ ነገር ልበል። ሞተር ዘይት የለውም፣ ካንዴላ የለውም፣ የሚፈላ ራዲያተር የለውም ማለት እውነት ነው፤ ፍሬኑና ጎማው ግን እንዳሉ ናቸው። እነዚህ መኪናዎች ቁልቁለት ሲወርዱ ሞተራቸውን ወደ ዲናሞ ለውጠው ጉልበቱን ወደ ባትሪው ይመልሳሉ። ባትሪው ግን ከሞላ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። አሰላ ላይ ሌሊቱን መቶ በመቶ ሞልቶ ጠዋት ወደ አዳማ የሚወርድ ሾፌር ያን እገዛ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ላያገኘው ይችላል፤ ፍሬኑ ብቻውን ይቀራል። ሰማንያ ወይም ዘጠና በመቶ ላይ አቁሙና ውረዱ፤ የቀረውን መንገዱ ይሞላላችኋል። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸውን ሽቦዎች ግን በምንም ምክንያት አትንኩ፤ በውስጣቸው የሚያልፈው ብዙ መቶ ቮልት ነው።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ አራት የራዲያተር ክዳኖች አስቀምጫለሁ፤ ሁለቱ ደኅና ናቸው፣ ሁለቱ የሞቱ። አጠገባቸው ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ የፍሬን ቱቦና ራሱ የተላጠ የ12 ቁጥር ብሎን አለ። ወደ ፊት ቀረብ በሉና በእጃችሁ እየያዛችሁ ተመልከቷቸው፤ ጥያቄዎቻችሁን እዚሁ ቆሜ እቀበላለሁ።